አርባ አንድ ምልክት

ኢንስፔክተር አግሪፒና ቡርላኩ ሬሳው ያለበት ለመድረስ ሦስት ፎቅ መውጣት ነበረባት። ጉልበቷ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ይከዳታል፤ በሞልዶቫዋ ግሩሼኒ ከተማ ላይ ከሌሊት ጀምሮ እንደ ጉድ እየዘነበ ነው። የግቢው ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውጧት በር ላይ ስትደርስ ተቆጥታ ነበር። ደረጃው ሥር ከእሷ የባሰች ቁጡ ጠበቀቻት።

«አንቺ! ጫማሽን ጥረጊ!» አለቻት ራሷን በሻሽ የጠቀለለች፣ መወልወያ የያዘች አሮጊት። «ጧት ሦስት ሰዓት ላይ የወለወልኩት ነው። እናንተ ፖሊሶች እስክትመጡ ድረስ አንድ ጠብታ ጭቃ አልነካውም።»

«ሰው ሞቶ ለወለል ያዝናሉ እማማ?»

«ለሞተችው ሌሊቱን አዝናለሁ። ቀን ቀን ተረኛ ነኝ።»

አሮጊቷ ፓራስካ ትባላለች። ጦርነቱ ከሚኮላይቭ አፈናቅሎ ድንበር ካሻገራቸው ዩክሬናውያን አንዷ ናት። ሕንፃው ድሮ የሙያ ተማሪዎች ማደሪያ ነበር፤ አሁን የተፈናቃዮች ማእከል ተብሏል። የግሩሼኒ ሰው በመጀመሪያው ሰሞን ሾርባና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ነው የተቀበላቸው። ዓመት ሲጠጋ ሾርባው ቀዘቀዘ። አሁን ዳቦ ቢወደድ በእነሱ ነው፣ መብራት ቢጠፋ በእነሱ ነው። እነሱም ነገሩ ገብቷቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ይኖራሉ። በየግድግዳው ላይ «ደህንነታችሁ ቀዳሚ ሥራችን ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አግሪፒና ስታልፍ የሴቶች መታጠቢያ በር መቀርቀሪያው ተነቅሎ ቀዳዳው ብቻ እንደ ቀረ አየች።

ሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ዚናይዳ የተባለች የስልሳ ሰባት ዓመት ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህርት በግንባሯ ተደፍታለች። የራስ ቅሏ ከኋላ ተሰብሯል። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ የእሳት ማጥፊያው በመስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቂጡ ላይ ደምና ሽበት ተጣብቆበታል። የገደላት ሰው መልሶ ሰቅሎታል ማለት ነው። ሥርዓት የለመደ እጅ ነው።

«ነገሩ አልቋል አለቃዬ» አለ ረዳቷ ዶሪን። አርባ ዓመት የሞላው፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፋይል መዝጋት የሚወድ ሰው ነው። «ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለነበሩ ጧት በሕንፃው ውስጥ የነበሩት ነዋሪዎች አርባ ሦስት ናቸው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ አንዱ ባለጌ የማስጠንቀቂያውን መስታወት ሰብሮ ሳይረኑ ጮኸ። እሳት ግን የለም። አርባ አንዱ ግቢ ወጡ። እዚህ የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዷ ይህችው ናት። ሌላዋ ሬሳው ላይ ተንበርክካ እጇ በደም ተነክሮ ተገኘች።»

«ማን ናት?»

«ኦሪሲያ ትባላለች። ደንቆሮ ናት።»

«መስማት የተሳናት በል። አርባ አንዱ መውጣታቸውን በምን አወቅህ?»

«ወረቀት አለ።»

ወረቀቱን ይዞ የመጣው የማእከሉ ኃላፊ አቶ ኦክታቪያን ነው። ጸጉሩ በደንብ የተበጠረ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ዓይኑ በእንባ የራሰ ሰው ነው። ሻይ ይምጣልዎት ሲል፣ ወንበር ሲያቀርብ፣ አግሪፒና ሳታስበው ወደደችው። ከጧት ጀምሮ ያልተቆጣት ሰው እሱ ብቻ ነበር።

«ደንባችን ነው ኢንስፔክተር» አላት። «ሳይረን ሲጮህ ሁሉም ግቢ ይወጣል፣ እኔ ስም እየጠራሁ ምልክት አደርጋለሁ። ዛሬም በዚያ ዶፍ ቆሜ አንድ በአንድ ጠራኋቸው። መምህርት ዚናይዳ የለችም። ኦሪሲያ የለችም። እንግዲህ እኔ ምን ልበል? እኔ ማንንም መክሰስ አልወድም።»

አርባ ሦስት ስም በተርታ ተጽፏል። በአርባ አንዱ ፊት በሰማያዊ ቀለም ምልክት ተደርጓል። በዚህ አገር ወረቀቱን በወጉ የሚይዝ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው ብላ አግሪፒና ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

*

ኦሪሲያ በራሷ ክፍል ውስጥ ፖሊስ ቆሞባት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የደረቀ ደም ጣቶቿ ላይ አለ፤ እንድትታጠብ አልፈቀዱላትም። ዶሪን የሞላውን ቅጽ አግሪፒና አነበበች፦ «ተጠርጣሪዋ ለተጠየቀችው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አይደለችም።»

«እንዴት ጠየቅሃት?»

«በአፌ ነዋ። ዝም አለች። ጮክ ብዬ ጠየቅኳት፣ ዝም አለች። ጠረጴዛ ብመታም ዝም።»

«አትሰማም'ኮ ዶሪን!»

«እሱን አውቃለሁ። ለዚያ አይደል የጮኽኩት?»

አግሪፒና ማስታወሻዋን አውጥታ «ምን ሆነ?» ብላ ጻፈችና ከእስክሪብቶው ጋር ሰጠቻት። ኦሪሲያ ወረቀቱን ለአፍታ አየችው፣ ቀጥላም ለረጅም ጊዜ ውሃ ተነፍጎት እንደቆየ ሰው ተጎነበሰችበት።

ልብስ እየተኮስኩ ነበር ብላ ጻፈች። ኮሪደር ስወጣ መምህርት ወድቃለች። ላነሳት ሞከርኩ። አልነቃችም። ሰው ፈለግሁ፣ በየክፍሉ ማንም የለም። በመስኮት ወደ ግቢ አየሁ። ግቢው ባዶ ነበር።

አግሪፒና የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አሰመረችባት። «ባዶ?»

«ባዶ። ዝናብ ብቻ።»

ከክፍሉ ወጥታ በኮሪደሩ መስኮት አየች። ግቢው ከጥግ እስከ ጥግ ይታያል፤ አርባ አንድ ሰው ቀርቶ አንድ ድመት የሚደበቅበት የለም። ሴትዮዋ እየዋሸች ነው፤ ያውም ዓይን ያወጣ ውሸት።

ስትመለስ ኦሪሲያ ሌላ መስመር ጽፋ ጠበቀቻት። «ልጄ ሊዳ መዋዕለ ሕፃናት ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትለቀቃለች። ማን ይቀበላታል?»

«አምስት ዓመቷ ነው» አለ ዶሪን ከኋላዋ ቆሞ አንብቦ። «እናትየዋ ከታሰረች ልጅቷ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ነው የምትሄደው። አንዴ ከገባች ደግሞ እነዚህ ሰዎች ያንን ሁሉ ወረቀት አሟልተው እስኪያስወጧት ድረስ እናቷን ትረሳለች።»

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነው። አግሪፒና ማስታወሻዋን ዘግታ ወደ ወጥ ቤት ወረደች።

*

ወጥ ቤት ውስጥ ሴቶቹ ጎመን እየከተፉ ነበር። አግሪፒና ስትገባ ቢላዋዎቹ አንድ ላይ ቆሙ።

«ሳይረኑ ሲጮህ የት ነበራችሁ?»

«ወጣን» አለች ፓራስካ።

«ሁላችሁም?»

«ወረቀቱ ላይ የለ? ምን ትጠይቂናለሽ?»

«ኦሪሲያና ዚናይዳ ተጣልተው ያውቃሉ?»

«ከኦሪሲያ ጋር ማን ይጣላል? ንግሥት ናት'ኮ!» አለች አንዲት ወፍራም ሴት ከጥግ። «እኛ ስድስት ስድስት ሆነን ስንታጨቅ ለእሷ ለብቻዋ ክፍል። ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋት አሉን። እኛ ድጋፍ አያስፈልገንም?»

ሌሎቹ አጉረመረሙ። ፓራስካ ግን አልተቀላቀለችም፤ ጎመኗን አንስታ መክተፍ ጀመረች፣ ያለ ልክ አደቀቀችው።

«ገዳይ ከፈለግሽ ዘበኛውን ጠይቂው» አለች ቀና ሳትል። «ሚትሩን። በገባን በወጣን ቁጥር ምራቁን ይተፋል።»

ዘበኛው ሚትሩ በር ላይ ባለችው ጠባብ ጎጆው ውስጥ ነበር። አግሪፒና በሩን ስትከፍት የአዲስ ወይን ጠጅ ሽታ ተቀበላት።

«ጠጥተሃል?»

«በጥቅምት ያልጠጣ ሞልዶቫዊ ካገኙ ይሰሩት» አለ።

«ሰዎቹን ትጠላቸዋለህ አሉ።»

«መውደድ በደሞዜ ውስጥ የለም።»

«ሳይረኑ ሲጮህ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። በቦታዬ።»

«ግቢ ሲወጡ አየሃቸው?»

«እንዴታ! ግር ብለው ወጡ።»

«የት ቆሙ?»

ሚትሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፣ አገጩን አከከ። «ከዛፉ ሥር።»

«ኃላፊው ከበሩ ፊት ለፊት ቆሙ ነው ያለኝ።»

«እ... መጀመሪያ በሩ ፊት ለፊት። ኋላ ዛፉ ሥር።»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሚትሩ። ያንተ ግን ሳያድር ቀለለ። የት ነበርክ?»

ሽማግሌው ተስፋ ቆርጦ ተነፈሰ። የአጎቱ ልጅ ምድር ቤት የዘንድሮውን ወይን ጠጅ በርሜል ከፍቶ ስለነበር ለመቅመስ ሄዷል። ሦስት ሰዎች አብረውት ነበሩ፤ የአጎቱ ልጅ ሚስትም ስትሰድባቸው ነበር። ከሥራ እንዳይባረር ፈርቶ ነው የዋሸው። ሳይረኑን የሰማው ከመንገድ ማዶ ነው።

«ብዙም አልቆየ፣ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው» አለ። «ኃላፊው ቁልፉን ይዞት እንደነበር በዚያ አወቅሁ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የሳይረኑን ነዋ! ያ ጉድ፣ ያለ ቁልፍ አፉን አይዘጋም። ተማሪዎቹ በነበሩ ጊዜ አንድ ቀን ቁልፉን ቤቱ ረስቶት ሁለት ሰዓት ሙሉ አደንቁሮናል። ሁለተኛ ፎቅ ከቢሮው አጠገብ ባለው ሳጥን ነው የሚጠፋው። ሌላ ቁልፍ የለም።»

አግሪፒና የአጎቱ ልጅ ቤት ፖሊስ ላከች። ነገሩ እውነት ሆነ፤ እንዲያውም ፖሊሱ ራሱ ቀምሶ ተመለሰ።

*

ከዘበኛው ጎጆ እስከ ሕንፃው በር ሃምሳ እርምጃ ነው። አግሪፒና ገብታ ደረጃውን ልትወጣ ስትል ወደ ኋላ ዞር አለች። ጫማዋ በወለሉ ላይ ጥቁር የጭቃ ዱካ ትቷል። ሃምሳ እርምጃ የሄደ አንድ ሰው ይህን ያህል ካቆሸሸ፣ በዶፍ ውስጥ አሥር ደቂቃ የቆመ አርባ አንድ ሰው ምን ያደርጋል? አሮጊቷ ግን ፖሊሶች እስኪመጡ ድረስ አንድ ጠብታ ጭቃ አልነካውም ብላ ጮሃባት ነበር።

ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ወደ ብርሃን ያዘችው። አርባ አንዱም ምልክት ጥርት ያለ ነው። አንዱም ቀለም አልፈሰሰም፣ ወረቀቱም አልተጨማደደም።

«እኔ አህያ!» አለች ጮክ ብላ።

ፓራስካ ከወጥ ቤት ባልዲ ይዛ ስትወጣ አገኘቻት። «እማማ፣ እግርዎን ያሳዩኝ።»

«ምን?»

«ነጠላ ጫማዎን።»

የፓራስካ ጫማ ከጨርቅ የተሠራ የቤት ጫማ ነው። ጭቃ የሚባል አልነካውም። ጠርዙ ላይ ግን የኖራ ዱቄት የሚመስል ነጭ አቧራ ተለጥፎበታል። አግሪፒና ከደረጃው ኋላ ወዳለው የምድር ቤት በር ሄደች። በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ከላይ ደግሞ «መግባት ክልክል ነው። የገባ ከማእከሉ ይባረራል። ኃላፊው» የሚል ተጽፏል። ቁልፉን ያዝ አድርጋ ስትስበው ማጠፊያው ከነብሎኑ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ብሎኖቹ ከዚህ በፊት ተፈተው ለዓይን ብቻ የተመለሱ ናቸው።

ታች በኖራ የተቀባ ሰፊ ክፍል ነው። ከድንቹ ክምር ማዶ፣ ከመስኮት ርቆ፣ በወፍራሙ ግድግዳ ሥር አርባ ሃምሳ ምንጣፍ ተነጥፏል። የውሃ ጄሪካን፣ ሻማ፣ ብስኩት፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ፣ ሁሉም በየቦታው ተሰናድቷል። ማንም እርዳታ ሰጪ ያላዘዘው፣ ማንም ያልተቆጣጠረው፣ ከላይ ካለው ሁሉ ይልቅ በሥርዓት የተያዘ ቦታ ነበር።

«ሳይረን ሲጮህ...» አለች አግሪፒና።

«እንወርዳለን» አለች ፓራስካ ከኋላዋ። ድምጿ ውስጥ የነበረው ቁጣ ጠፍቷል። «ምን ታስቢያለሽ? እዚያ እኛ አገር ሳይረን ሲጮህ ወደ ሜዳ የወጣ ሞተ። እሳት ነው አይሮፕላን ነው ብሎ የሚጠይቅ እግር የለንም። አሳቢዎቻችን እሳት ሲነሳ ውጡ ብለው ወረቀት ለጠፉ። ያንኑ ድምፅ አምጥተው ሰቀሉብን። ድምፁን ስትሰሙ ምን ትሆናላችሁ ብሎ የጠየቀን የለም። ኃላፊው ደግሞ እዚህ የምንገባው ድንች ልንሰርቅ ይመስለዋል።»

«ታዲያ ለምን ወጣን አላችሁኝ?»

«ይባረራል ይላላ! የት እንሂድ? ኃላፊው ራሱ ወረቀት አውጥቶ ግቢ ነበራችሁ ሲለን ሰማይ ከፈተልን አልን። ዝም አልን።»

«እሱ ዝም ያላችሁበትን ወረቀት ይዞ አንዲት እናት ሊያሳስር ነው። ልጇን ሊወስዱባት አራት ሰዓት ቀርቷል።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?» አግሪፒና ደሟ ፈላ። «አውቀው ነው ጎመን የሚከትፉት?»

ፓራስካ ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለች። «ዚናይዳ ከእኛ ጋር ወርዳ ነበር» አለች። «ከእኔ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን። እዚህ ደረጃው ላይ ስንደርስ ቆመች። ‹ኦሪሲያ!› አለች። ‹አትሰማም'ኮ፣ ማን አወጣት?› አለች። እጄን ለቃ ወደ ላይ ተመለሰች። ዚና ተይ አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም። ተከትያት አልሄድኩም።»

አግሪፒናን የምርማሪነት ነገር አሸነፋት። «ላይ የነበረው ሰው የለም ብሎ ያሰበ ሰው ነው። ዚናይዳ ክፍሏ ውስጥ ምን ነበራት? የሚፈለግ ምን ነበራት?»

«ምን ይኖራታል? አንድ ደብተር።» ፓራስካ ዓይኗን ጠረገች። «እኛ ሴቶች የያዝነው ልማድ አለ። ማንም በሰው መኪና ወደ ጀርመን ወደ ፖላንድ ሲሄድ የመኪናውን ታርጋና የሾፌሩን መልክ ለዚናይዳ ነግሮ ይሄዳል፤ ሲደርስ ይደውላል። ሁሉም ደውለዋል። በመስከረም የሄዱት ሁለቱ ልጃገረዶች ብቻ አልደወሉም። ዚናይዳ እንቅልፍ አጣች። ለፖሊስም ተናግሬያለሁ አለችኝ።»

«ለፖሊስ? ለየትኛው ፖሊስ?»

«ላንቺ ፖሊስ ነዋ።»

*

ዶሪን መኪናው ውስጥ ሳንድዊች እየበላ ነበር።

«ዚናይዳ ጣቢያ መጥታ ታውቃለች?»

ማላመጡን አቆመ። «ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት አሮጊት መጥታ ነበር። ስለ መኪናና ታርጋ ስታወራ... እሷ ትሆን እንዴ?»

«ምን አደረግህ?»

«ለማእከሉ ኃላፊ ደወልኩለት። አንዷ አሮጊትህ ስለሾፌሮች እያወራች ነው፣ አነጋግራት አልኩት።»

«አንተ ከብት! ሾፌሮቹን ያመጣው ማን ሊሆን እንደሚችል...»

«አለቃዬ» አለ ዶሪን ሳንድዊቹን አስቀምጦ። በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ አያት። «እርስዎ ነዎት ያሉኝ። አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ነበር። ሲያልፉ ጠየቅኩዎት። ‹ለኃላፊያቸው ንገርና ሸኛት› አሉኝ።»

አግሪፒና አስታወሰች። ግራጫ ካፖርት፣ ጭኗ ላይ ቦርሳ፣ ስታልፍ ቀና ያለ ፊት። ስሟን እንኳ አልጠየቀቻትም ነበር።

«የኃላፊውን ቢሮና ቆልፎ የያዘውን የእርዳታ መጋዘን ፈትሽ» አለች። «ደብተር ፈልግ። ጊዜ ስላላገኘ አላቃጠለውም።»

*

ኦክታቪያን ሻይ ቀዳላት። አግሪፒና አመስግና ሳትነካው አስቀመጠችው።

«ለፋይሉ ያህል ነው አቶ ኦክታቪያን። ግቢ ውስጥ የሆነውን እንደገና ይንገሩኝና ይፈርሙልኝ።»

«በደስታ። ሳይረኑ እንደ ጮኸ ወረቀቴን ይዤ መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሕዝቡ ከኋላዬ። በጣም ይዘንብ ነበር፣ ያሳዝኑ ነበር። ለአንዲት አሮጊት ጃኬቴን አልብሻታለሁ።»

«እግዜር ይስጥዎት። ለማን?»

«ለፓራስካ።»

«ሳይረኑ እስኪጠፋ እዚያው ነበሩ?»

«ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም።»

«ማን አጠፋው?»

«ራሱ ነው የጠፋው።»

ፈረመ። አግሪፒና ወረቀቱን አነሳችና በሩን ከፈተችው። ኮሪደሩ ላይ ፓራስካ ቆማለች፣ ከኋላዋ ወፍራሟ ሴት፣ ከእሷ ኋላ ሌሎቹ። አርባ አንዱም ነበሩ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ የሁሉም ጠርዝ ነጭ ነው።

«ጃኬትህ አሙቆኝ ነበር?» አለች ፓራስካ።

«እማማ ፓራስካ፣ ምን ማለትዎ ነው? ግቢ...»

«ግቢ አልወጣንም። ምድር ቤት ነበርን። አባረን እንግዲህ!»

የኦክታቪያን አፍ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሰዎቹ ታችኛው አዳራሽ ውስጥ ቆመው ሲያገኛቸው ከግቢ የተመለሱ መስሎት እንደነበር፣ ወረቀቱንም ያኔ ሞልቶ እንደጨረሰው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ዓመት ሙሉ አብሯቸው ኖሮ የት እንደሚሸሹ አላወቀም።

«ሳይረኑ ያለ ቁልፍ አይጠፋም» አለች አግሪፒና። «ቁልፉ ያንተ ወገብ ላይ ነው። ሳጥኑ ከዚህ በር አጠገብ ነው። መስታወቱን ራስህ ሰብረህ፣ ሁሉም ወጥቷል ብለህ የዚናይዳን ክፍል ልትበረብር ወጣህ።»

«አንተ» ስትለው ነው ነገሩ ያለቀለት መሆኑን የተረዳው። ዶሪን በዚያው ቅጽበት አንድ ደብተር በጓንት ይዞ ገባ። መጋዘኑ ውስጥ በእርዳታ ከመጡ የልጆች ጫማዎች ካርቶን ሥር አግኝቶታል። የመስከረም ገጽ ላይ ሁለት ስም፣ አንድ ታርጋ፣ ከሥሩም «ሾፌሩን ያመጣው ኦ.» የሚል ነበር።

«ልገድላት አልፈለግሁም» አለ ኦክታቪያን። ለስላሳው ድምፅ አሁን ቀጥኗል። «ደብተሩን ብቻ ነበር። ደብተሩን ይዤ ስወጣ በሩ ላይ አገኘችኝ። ስሜን ጠራችና ወደ ደረጃው ዞረች፣ ልትጮህ ነበር። ሁሉም ወጥቷል'ኮ። ለምን ተመለሰች? ምን አስመለሳት?»

ፓራስካ ፊቱ ላይ ተፋችበት፤ ፖሊሶቹም አላዩም።

ዶሪን ካቴና ሲያስገባለት አግሪፒና ታርጋውን ለድንበር ፖሊስ በስልክ አስነበበች። ልጃገረዶቹ ከሄዱ ስድስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ስልኩን ያነሳው ሰው እንሞክራለን አላት፤ እሷም እንሞክራለን ስትል የምትለው በምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ታውቀዋለች። ስሙን ጠየቀችው፣ ጻፈችው፣ ነገ ጧት እደውላለሁ አለችው።

*

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አግሪፒና ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። በር ላይ የነበረውን ፖሊስ አሰናበተች። ኦሪሲያ ቀና ብላ ስታያት ፊቷ ገርጥቶ ነበር።

«ነጻ ነሽ» ብላ ጻፈችላት። «ገዳዩ ኦክታቪያን ነው። መኪና ታች አለ፣ ሊዳን አብረን እንቀበላት።»

ኦሪሲያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሄዳ ከቧንቧው ውሃ ከፍታ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጠበች፣ ካፖርቷን ለበሰች። ነዋሪዎቹ በደረጃው ላይ ቆመው ነበር። ወፍራሟ ሴት አንድ ሳህን ትኩስ ቦርሽ፣ የቀይ ሥር ሾርባ፣ ይዛለች፤ ልስጣት አልስጣት እያለች ታመነታለች።

ኦሪሲያ አላየቻቸውም። የካፖርቷን አዝራሮች ቆልፋ ሳትጨርስ ቆም ብላ ማስታወሻውን በእጇ ምልክት ጠየቀች።

«ጩኸቱ ሲመጣ ሁሉም ወረዱ?» ብላ ጻፈች።

«አዎ።»

«አርባ ሁለት ሰው?»

አግሪፒና ራሷን ነቀነቀች።

ኦሪሲያ ብዕሩን አጥብቃ ያዘች። የሚቀጥለውን መስመር ስትጽፍ ወረቀቱ ተበሳ። «ሁሉም በክፍሌ በር በኩል ነው ያለፉት። በሩ አይቆለፍም። አንድ ሰው እንኳ አልከፈተውም?»

አግሪፒና አነበበችው። ዝም ብላ ልታጥፈው ትችል ነበር። ከዚያ ዞር ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደረጃው ላይ ለቆሙት አነበበችላቸው። አንድም ሰው ቀና አላለም። ፓራስካ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች።

መልሱን የሚያውቁት አግሪፒናና ፓራስካ ናቸው። ኦሪሲያ ካላወቀችው ዕድሜዋን ሙሉ ማንም አልመጣልኝም እያለች ትኖራለች፤ ካወቀችው ደግሞ የባሰውን ትሸከማለች። አግሪፒና የቱ እንደሚከብድ አላወቀችም። ሳይጠይቁ ለሰው መወሰን ግን ለዛሬ በቅቷት ነበር።

«አንዷ ተመልሳ መጥታለች» ብላ ጻፈች።

ኦሪሲያ ወረቀቱን አየች። ዓይኗ ከወረቀቱ ወደ ኮሪደሩ፣ ሬሳው የነበረበት በጠመኔ ወደተከበበው ባዶ ወለል ሄደ። አግሪፒና ክንዷን ያዘቻት። ከዚያ ኦሪሲያ ወረቀቱን ወደ እሷ መልሳ ከመስመሩ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። የተመለሰችው ሴት ስም እንዲጻፍ ፈልጋለች።

አግሪፒና «ዚናይዳ» ብላ ጻፈች።